ችግኝ ብቻውን የደብረ ሲናን ተዳፋት አያቆመውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ መሬት መንሸራተት ትጽፋላችሁ። እሰየው ነው። ግን ዘገባው ሁሌ የሚያልቀው በአንድ ቦታ ነው፤ ደኑ ስለተጨፈጨፈ ነው፣ ችግኝ እንትከል። ችግኝ አልጠላም፤ እኔም አረንጓዴ አሻራ ላይ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ቅር የሚለኝ የአፈር መታጠብንና የተራራ መንሸራተትን ጠቅልላችሁ አንድ መድኃኒት ስታዙላቸው ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሁለቱ ልዩነት በዓይን ይታያል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበር ስትደርሱ መሬቱ ከፊታችሁ ድንገት ያልቃል። ጉሙ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከነበራችሁበት ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከጫፉ ወዲህ ደጋው ላይ የዘነበው በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ወዲያ ማዶ የዘነበው ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ደጋው ላይ መሬት የሚያልቀው በቀስታ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጩ ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል። ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ ድንጋዩም ይሰነጠቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ማሳው ገና ታርሶ ራቁቱን ነው። ጠብታው አፈሩን ይበትናል፣ ጎርፉ ይጠርጋል፣ ትናንት ቦይ የነበረው ቦረቦር ይሆናል። የጀማን ገደል ያየ ሰው ውሃ ጊዜ ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ጥቁሩን ባዛልት ቆርጦ፣ ከሥሩ የነበረውን የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አውጥቶታል። የኖራ ድንጋዩ ባሕር አገሩን በሸፈነበት ዘመን የተነጠፈ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መታጠብ ዛፍ፣ ሣርና እርከን ይበጃሉ። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ባለችው አንዲት ጥድ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች የሚታጠበውን አፈር ሲለኩ ቆይተዋል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የደብረ ሲና ቁልቁለት ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ገደል የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። ምድር ተሰንጥቃ አንዱ ወገን ሲሰምጥ የቀረው ግድግዳ ማለት ነው። ግድግዳው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተራ በተራ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር ነው። በንብርብሩ መሃል አመድና ወደ ሸክላ የተለወጠ አፈር አለ። የዝናብ ውሃ በስንጥቁ ሰርጎ ሸክላው ላይ ሲደርስ አያልፍም። እዚያው ይጠራቀምና ሸክላውን ያሟልጨዋል፣ ከላይ ያለውንም ክምር ከውስጥ ይገፋዋል። ከታች ደግሞ ወንዙ የተዳፋቱን እግር ይበላል። አንዳንዴ መንገድ ሠሪውም ያግዘዋል።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚሁ ደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን ላይ የሆነውን የአካባቢው ሰው አልረሳውም። መሬቱ ከነቤቱና ከነእርሻው ሄደ። ወሩን ልብ በሉልኝ። መስከረም ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ክረምቱን ሙሉ የሰረገው ውሃ ጥልቁ ውስጥ የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ሰው ግን ፀሐይ ስትወጣ «ተረፍን» ብሎ እፎይ ይላል።

እንግዲህ ችግኙን እዚህ ላይ አስቡት። የዛፍ ሥር በአብዛኛው ላይኛውን ጥቂት ሜትር ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለው መንሸራተት የሚነሳው አስር፣ ከዚያም በላይ ሜትር ወርዶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዛፉም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ውሃውን ማስወጣት ነው። ምንጩን በቱቦ ወደ ውጭ መምራት፣ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ በቦይ ማስቀየስ፣ ስንጥቁን በሸክላ መድፈን፣ የተዳፋቱን እግር በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) መደገፍ። ይህም የማያቆመው ቦታ አለ። እዚያ ሰው ቢነሳ ይሻላል። ይህን ስጽፍ ይከብደኛል፤ ሰው ከአያቱ ርስት በቀላሉ አይነሳም።

ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ከመንደሩ በላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ይወጣል። ዛፉና የመብራት ምሰሶው ያዘነብላል። በር አልገጥም ይላል። የነበረ ምንጭ ይደርቃል ወይም ይደፈርሳል፣ ባልነበረበት ደግሞ አዲስ ይፈልቃል። እናቶች ውሃ ሲቀዱ ይህን ከማንም ቀድመው ያያሉ። የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ሞተዋል። ለቀብርና ለችግር መሮጥ ባህላችን ነው፤ ደብረ ሲና ላይ ቢደርስም ያው እንሮጣለን። ናዳ ከወረደ በኋላ ከላይ የቀረው ተዳፋት ሳይታይ ወደ ሥሩ መግባት እንደማይገባ ከአሁኑ ካልተነገረ፣ የዚያን ዕለት ማንም አይሰማም።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም አንድ ዘጋቢ ላኩ። በየቀበሌው ስንጥቅ ያየውን ሰው ያነጋግር፣ የነገሩትንም ከነቦታው ጻፉት። የምድር ጥናት ባለሙያም አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው። የችግኙን ዜና እንደሆነ በሐምሌ ጽፋችሁታል።

አክባሪያችሁ፣
የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደብረ ሲና