ለዘር የተገዛ ነጭ ሽንኩርት በላስቲክ አይታፈን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ገበያ ላይ ከዳባትና ከወገራ የመጣ ነጭ ሽንኩርት በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅጥቆ ሳይ እጅግ አዝናለሁ፤ ለወጥ የተገዛው ቶሎ ስለሚያልቅ ጉዳቱ አይታይም፣ ክረምቱ እስኪገባ ለዘር የሚቆየው ግን ታፍኖ ይሻግታል። ለዘር የተመረጠው ከነአገዳው ታስሮ፣ ፀሐይ በማይመታውና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊሰቀል ይገባል፤ አንገቱ ጠውልጎ ሲጠብና ልጣጩ በጣት ሲነካ እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ደርቋል ማለት ነው። ፍሬዎቹ እስከ ተከላው ዋዜማ ድረስ መነጣጠል የለባቸውም፤ የተነጠለ ፍሬ ይጠወልጋል፣ በተላጠው በኩልም ሻጋታ ይገባዋል። ማቀዝቀዣም ለዘር አይሆንም፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ቅዝቃዜ ያለጊዜው ያበቅለዋልና። ትልልቁን ሸጦ ደቃቃውን ለዘር ማስቀረትም ምርትን ያሳንሳል። ጋዜጣችሁ የግብርና ባለሙያዎችን ጋብዞ ይህን ከተከላው ወቅት አስቀድሞ እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር