ለትራሞቹ መጀመሪያ ጣራ!

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ድሮ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ስትጽፉ አሜሪካ ሜን ግዛት ኬነበንክፖርት ያለውን የሲሾር ትሮሊ ሙዚየም ሳታነሱ ማለፋችሁ ቅር ብሎኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 ትራም (የከተማ መንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር) በአውቶብስ ሲተካ አላስችል ያላቸው ጥቂት ልጆች 31 ቁጥር የተባለችውን ግድግዳ የሌላት የበጋ ትራም በ150 ዶላር ገዝተው ነው የጀመሩት፣ ዛሬም ትራሞቹ ከላይ ካለው ሽቦ 600 ቮልት እየሳቡ ሰው ጭነው ይሄዳሉ፣ ደስ ሲል!

እኔን የሚያስጨንቀኝ ትራሞቹ የሚጠለሉበት ጣራ ነው። ሞተር ቢቃጠል እንደገና ይጠመጠማል፣ መለዋወጫ ቢጠፋ በእጅም ቢሆን ይሰራል፣ ዝናብና በረዶ ላይ ቆሞ የበሰበሰ የእንጨት ትራም ግን ኦሪጅናሉ ከየት ይመጣል? እርዳታ የምትሰጡ ሰዎች እባካችሁ ከቀለሙ በፊት መጠለያው ይሰራ በሉ፣ ደሞ አንጋፋዎቹ በጎ ፈቃደኞች እያሉ ወጣቶቹ ጥገናውን ይማሩ።

አንባቢያችሁ