ድምፁ እስኪጠፋ መጠበቅ፦ የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የሙዚቃ ክበባችን የተቀበለው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ነው። ሲመዘገቡ ሁሉም የጓጉት ለመዘመርና ከበሮ ለመምታት ነበር። እኔም የመጀመሪያውን ወር ዕቅድ ያወጣሁት መድረኩን ብቻ እያሰብኩ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በአምስተኛው ሳምንት የሆነው ነገር ነው። አንዲት የ1ኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን ልትዘምር ወጥታ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግጥሙ ጠፋባት። ከፊት የተቀመጡት ሳቁ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጫፍ እየጎተተች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ድምፅዋን አልሰማሁም። የሳቁት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም። ማዳመጥን ያስተማራቸው ሰው ስላልነበረ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ የ40 ደቂቃውን ልምምድ ለሁለት ከፈልነው። ግማሾቹ ሲጫወቱ ግማሾቹ ታዳሚ ይሆናሉ፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ማዳመጥንም እንደ ዜማ እናጠናው ጀመር። ትሪያንግል (ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት መሣሪያ) አንድ ጊዜ እመታለሁ፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋባቸው ብቻ እጃቸውን ያነሣሉ። በመጀመሪያው ቀን ገና መምቻውን ሳላወርድ እጆች ተነሡ። እየዋለ እያደረ ግን ክፍሉ ጸጥ ማለት ጀመረ፤ አንዳንዱ ልጅ ለእኔ ጆሮ የጠፋውን ድምፅ ገና ሲከተለው አየሁ። «ዝም በሉ» ማለቱን ያን ጊዜ ተውኩት፤ የሚያዳምጡት ነገር ያላቸው ልጆች ዝም በሉ ሊባሉ አያስፈልጋቸውም።

በመዝሙሩ በኩል ከ«ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል» የድምፅ ደረጃዎች ውስጥ ከ«ሶል» ወደ «ሚ» በሚወርዱ ሁለት ድምፆች ጀመርን። እንግሊዛዊው ጆን ከርወን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያዳበረው፣ በኋላም በሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ የማስተማር ስልት ውስጥ የገባው የእጅ ምልክት በጣም ጠቀመን፦ ለ«ሚ» መዳፍ ወደ መሬት ይዘረጋል፣ ለ«ሶል» ከፍ ብሎ ወደ ደረት ይዞራል። ልጁ የድምፁን መውጣትና መውረድ በዓይኑ ያየዋል። የወንድ ድምፅ ከሕፃናት ድምፅ በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ባለው ርቀት) ያህል ስለሚወርድ እኔን ሲከተሉ እየጎረነኑ ዜማው ይጠፋባቸው ነበር። ድምፅዋ የጠራ አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ መነሻውን እንድትሰጥ ባደርግ ሁሉም ወዲያው ገጠሙ። ምትን ያስተማርነው በእግር ነው፤ በእኩል ምት እየተራመዱ የግጥሙን ቃላት በእጅ ማጨብጨብ። ቀላል ይመስላል፤ ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ ግን እግርና እጅን ለየብቻ ማዘዝ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙ ሳምንታት ወሰደብን።

በዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ላይ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ሳይሎፎን (በመምቻ የሚመታ ባለ እንጨት መሣሪያ) እየተጫወተ ሳለ መምቻው ከእጁ አመለጠና ተንከባልሎ ከመድረኩ ጫፍ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ከልጆቹ አንድም የሳቀ አልነበረም። ልጁ ሄዶ አነሣው፣ ተመልሶ ቦታውን ያዘ፣ ካቆመበት ቀጠለ። ሲጨርስ እጁን እስኪያወርድ ጠበቁት፤ ከዚያ ጭብጨባው ሆነ። ከፊት ረድፍ አጥብቃ ስታጨበጭብ ያየኋት ያችው ግጥሙ የጠፋባት ልጅ ነበረች። እሷም ከእሱ ቀጥላ ወጥታ ዘመረች፤ ሦስቱንም ስንኝ።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። መድረክ ላይ የቆመ ልጅ መጀመሪያ የሚፈልገው የእናቱን ወይም የአባቱን ዓይን ነው፤ ዘንድሮ ብዙዎቹ ያገኙት ስልክ ነበር። ከኋላ ሲያወሩ የነበሩ አዋቂዎችንም ልጆቹ ዘወር እያሉ አይተዋቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ዝግጅቱን አንድ መምህር ለሁሉም ይቀርጻል፤ ቅጂውን ከክበቡ ትወስዳላችሁ። እናንተ ከልጆቹ ጋር ከፊት ተቀመጡልን።