በላሊበላ ላይ የቆመው መጠለያ መቼ ይነሣል?

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ከሮሃ (ከላሊበላ) አብያተ ክርስቲያናት እንደ ግንብ ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ከአንድ አለት የተፈለፈለ፣ ቁመቱ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ፣ መጠለያ የሌለው። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ዳር ዳሩን ያለውን አሸንዳ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ጠራቢዎቹ የላስታን ክረምት ያውቁታል፤ ውኃው ጣሪያ ላይ ሳይተኛ እንዲወርድ አስበውበታል።

ሌሎቹን የጎዳቸው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጥገና አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገው ሥራ አለቱ ሬንጅ ተለቅልቆ ቀይ ቀለም ተቀባ። ያንን ለመላጥ በ1966 የተጀመረው የጣሊያናዊው አርክቴክት የነአንጀሊኒ ሥራ ዓመታት ፈጀ። በ2008 ደግሞ (በእኛ 2000 ዓ.ም.) በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚሸፍኑ ትልልቅ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ቆሙ። ጊዜያዊ ናቸው ተባልን። ይኸው ዛሬም አሉ። በገና ማለዳ ካህናቱ በቤተ ማርያም አፋፍ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን ሸራ ነው።

የላሊበላ ሕዝብ በእኛ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ የጮኸው ለዚህ ነበር፤ ነፋስ ሲነሣ ያ ሁሉ ብረት ቢወድቅስ ብሎ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት መጥተው እርዳታ ቃል ገቡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከተማዋ ወራት በሰው እጅ ከረመች። መዘግየቱን እንረዳለን፤ ዝምታውን ግን አንረዳም።

መጠለያ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን እዚያው ላሊበላ አይተናል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጣሪያውና ስንጥቁ ተጠግኖለት ያለ ሸራ ቆሟል። ለአንዱ የሆነ ለሌሎቹ የማይሆንበት ምክንያት ካለ፣ አለቱ የተለየ ነውም ከተባለ፣ ባለሙያ ይንገረንና እንቀበል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው፦ የምሰሶዎቹ የመጨረሻ ምርመራ ውጤት በአማርኛ ይውጣ፤ መጠለያው የሚነሣበት የጊዜ ሰሌዳ ይታወቅ፤ በሚቀጥለው ጥገና የአካባቢው ድንጋይ ጠራቢዎችና የደብሩ ካህናት ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጡ። መልሱ በደብሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍም ይበቃናል፤ አንባቢው ብዙ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የወሎ ተወላጅ