የምስጋና መልእክት፦ ለጋሼ ፓናማ እና በሬን ላንኳኳችሁ ሁሉ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰኞ ሥራ ገባሁ። በእግሬ፣ ያለ ክራንች። ጠዋት ታክሲዬን ሳስነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን። የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጉልበቴ ስለተጎዳበት ምሽት መልሼ አላወራም። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ለነበሩት አሥራ አንድ ወራት ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን አባቶችና ምዕመናን፣ የእድራችን አባላት፣ ኪራይ እንዳይጎድልብኝ ያዋጣችሁ የታክሲ ባልደረቦቼ፣ አጥሚትና ዶሮ ወጥ በየተራ ያመጣችሁ የኒውዮርክ፣ የብሮንክስና የሃርለም እህቶቻችን፣ ከአዲስ አበባ ሳትሰለቹ የደወላችሁ ቤተሰቦቼ፣ ሐኪሞቼና ነርሶቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውለታችሁ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

አሁን ስለ ጋሼ ፓናማ ልጻፍ። አስፈቅጃቸዋለሁ። «ስሜን ብቻ አትጥራ፣ ሌላውን እንደፈለግህ» ብለውኛል።

ጋሼ ፓናማ ያሏቸው ልጆቼ ናቸው። ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ነው ከፓናማ የመጡት። ስምንት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ይህን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

በመጀመሪያው ወር ቤታችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። መቀመጫ አንሶ ልጆቹ አልጋ ላይ ይበሉ ነበር። ከዚያ ሁሉም ወደ ኑሮው ተመለሰ። ወቀሳ እንዳይመስልብኝ። እዚህ አገር ሁለት ሥራ የማይሠራ ማን አለ? እኔም ሰው ሲታመም ሁለት ቀን ጠይቄ የምጠፋ ነበርኩ። ግን አራተኛው ወር ከበደኝ። ባለቤቴ የማታ ሽፍት ትገባለች፣ ልጆቹ ይተኛሉ፣ እኔ ከጣሪያው ጋር እፋጠጣለሁ። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል። እንቅልፍ የለም። በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ ፓናማ አንድ አሮጌ የቤዝቦል ኳስ ይዘው ቆመዋል። ቆዳዋ ጠቁሯል፣ ቀዩ ስፌቷ ግን አልተነካም። «መብራትህን ሌሊት ሁሉ አያለሁ። ለምን ብቻህን ትቀመጣለህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰባት ወር ከእሑድ በቀር አንድም ማታ አልቀሩም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የእሳቸውም ጉልበት ያማቸዋል። ያንን ደረጃ ግድግዳውን እየያዙ ነበር የሚወርዱት።

እኔ ብሮንክስ ስኖር ቤዝቦል ማለት ያንኪ ስታዲየም አካባቢ የሚዘጋጋ መንገድ ነበር። ያንኪስ ለሚባለው የኒውዮርክ ቡድን ኳስ ይወረውር ስለነበረው ስለ ማሪያኖ ሪቬራ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ስሙን ሲጠሩ ስለ ወንድማቸው ልጅ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሪቬራ ያደገው ፑዌርቶ ካይሚቶ በምትባል የፓናማ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። በልጅነቱ ጓንቱ የወተት ካርቶን ነበር፤ ኳሱ ደግሞ በፕላስተር የተጠቀለለ የመረብ ቁራጭ። አባቱ የዓሣ ጀልባ ካፒቴን ነበሩ፣ እሱም ጀልባው ላይ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ያንኪስ በጥቂት ሺህ ዶላር አስፈረመው። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር። መግባባት አቅቶት ማታ ማታ እያለቀሰ ይተኛ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ጋሼ ፓናማ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። እኔም ዝም እላለሁ። ይህን ከአገሩ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራው መዝጋት ነበር። እነሱ ክሎዘር ይሉታል። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም ዘጠኝ ዙር ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ ስድስት ሰባት ኢኒንግ ሠርቶ ክንዱ ሲዝል ይወጣል። ክሎዘሩ ይህን ሁሉ ሰዓት ቡልፔን በሚባለው ቦታ ሆኖ ይጠብቃል። ቡድኑ ከአንድ እስከ ሦስት ነጥብ እየመራ የመጨረሻዎቹን ሦስት መቺዎች ማስወጣት ሲቀር በሩ ይከፈትና እሱ እየሮጠ ይገባል። ድሉን ካስጠበቀ «ሴቭ» ይመዘገብለታል። ሪቬራ 652 አለው። እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

የሚገርመው ይህን ሁሉ የሠራው በአብዛኛው በአንድ ዓይነት ኳስ ነው፣ ካተር በሚባለው። ጋሼ ፓናማ አንድ ማታ ያችን ኳስ እጄ ላይ አስቀመጡ። ሁለት ጣቶቼን ስፌቷ ላይ አጋደሙ፣ የመሃል ጣቴን ጫን አደረጉ። «ይኸው ነው፣ ሌላ የለም» አሉ። ኳሷ ቀጥ ብላ ትመጣና መጨረሻ ላይ ጥቂት ጣት ያህል ትታጠፋለች። ግራኝ መቺ ሲመታት የምታገኘው የዱላውን ቀጭኑን ጎን ነው፤ ዱላው ይሰበራል። ሪቬራ ይህን ኳስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ከጓደኛው ከራሚሮ ሜንዶዛ ጋር ሲቀባበል፣ ሳያስበው ነው። የፈጣሪ ስጦታ ነው ይላል። ጡረታ በሚወጣበት ዓመት የሚኒሶታ ቡድን ከተሰበሩ ዱላዎች የተሠራ ወንበር ሸልሞታል።

ጉልበቴን የማሠራውም ኳሷን ጨብጬ ነበር። ጋሼ ፓናማ ፊቴ ተቀምጠው በስፓኒሽ ይቆጥራሉ፦ ኡኖ፣ ዶስ፣ ትሬስ… እስከ 42። 42 የሪቬራ ማልያ ቁጥር ነው። ቀድሞ በዘመናዊው ትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች የጃኪ ሮቢንሰን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ለሮቢንሰን ክብር በሁሉም ቡድኖች ሲታገድ ቀድሞ የለበሱት ብቻ እንዲቀጥሉ ተፈቀደ፤ የመጨረሻው ሪቬራ ሆነ። መጀመሪያ ዘጠኝ ላይ ነበር የምጮኸው። 42 የደረስኩበትን ማታ ባለቤቴ ከሥራ መጥታ ሁለታችንንም እያለቀስን አገኘችን።

ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ማቆም ነበረብኝ።

አንድ ቀን ክራንቹን ወርውሬ «በቃኝ» ብያለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ነው፣ ዛሬ ግን ልናገረው። ጋሼ ፓናማ አልተቆጡኝም። ክራንቹን አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ስለ ካንሳስ ሲቲ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 3 ቀን 2012 ሪቬራ ከጨዋታ በፊት ልምምድ ላይ ኳስ ሊይዝ ሲሮጥ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። 42 ዓመቱ ነበር። ሁሉም አበቃለት አለ። እሱ ግን በማግስቱ እመለሳለሁ አለ። በባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ቀዶ ሕክምናው ዘገየ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ 44 ሴቭ አስመዘገበ። «ያንተም ጉልበት ቀኙ ነው» ብለውኝ ወጡ። ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተኛሁ።

«ለምን እኔ?» ባልኩ ቀን ደግሞ የሪቬራን ሽንፈት ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. 2001፣ የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ የዋንጫ ፍልሚያ፣ ሰባተኛ ጨዋታ፣ አሪዞና። ያንኪስ 2 ለ 1 እየመራ ኳሱ ለእሱ ተሰጠ። የማይወድቀው ሰው ያን ማታ ወደቀ፤ ሉዊስ ጎንዛሌዝ በተከላካዮች አናት ላይ ጠብ ባደረጋት ኳስ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ኤንሪኬ ዊልሰን የሚባል የቡድን ጓደኛው የድል ሰልፉን ጠብቆ ወደ ዶሚኒካን ሊበር ቲኬት ይዞ ነበር። ድል ስለሌለ ቀድሞ ሄደ። ቀድሞ የያዘው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ኅዳር 12 ቀን እዚሁ ኒውዮርክ ኩዊንስ ላይ ተከስክሶ ውስጡ የነበሩት ሁሉ አለቁ። ሪቬራ ጓደኛዬ ስላለልኝ በመሸነፋችን ደስ ይለኛል ብሏል። ጋሼ ፓናማ ይህን ነግረውኝ ምክር አልጨመሩም። ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

በመጨረሻው ዓመት ሪቬራ በሚሄድበት ስታዲየም ሁሉ ሠራተኞቹን እየጠራ ያመሰግን ነበር፦ ትኬት ቆራጮችን፣ ሣር የሚያጭዱትን፣ ወጥ ቤት የሚሠሩትን። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ425 መራጮች 425ቱም ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ እንዲገባ መረጡት፤ ከእሱ በፊት ይህን ያገኘ የለም። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የትኬት ቆራጮቹ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ስለዚህ ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። መድኃኒቴን ዝናብ ላይ ያመጣልኝ ወጣት፣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ስትመልሺ የነበርሽው የጎረቤት ልጅ፣ ፊዚዮቴራፒ ስታሠሪኝ ከእኔ እኩል ያላበሽው እህት፣ ስልኬን ሳላነሳ ስቀር መልእክት ትታችሁ የጸለያችሁ፣ ከአእምሮዬ እንጂ ከልቤ አልወጣችሁም።

ለባለቤቴ የምለው እዚህ አይጻፍም፤ እሷ ታውቀዋለች።

ቅዳሜ ማታ፣ ሥራ ልገባ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ባለቤቴ የጠቀለለችውን ድፎ ዳቦ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። ሰባት ወር ሙሉ እሳቸው ናቸው የወረዱት፤ እኔ ወጥቼ አላውቅም ነበር። አንኳኳሁ። ጋሼ ፓናማ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ጉልበቴ አዩ። «ዘገየህ» አሉኝ። ሁለተኛውን ወንበር አስቀድመው ጠረጴዛው አጠገብ አድርገውት ነበር።