ማናሲ ጆሺ «አቅቷት ቀረች» ያላችሁት ይታረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ህንዳዊቷ የፓራ ባድሚንተን (የአካል ጉዳተኞች ባድሚንተን) ተጫዋች ስለ ማናሲ ጆሺ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጎንደር ብዙዎቻችን አንብበነዋል። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ስለማይገኝ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የሰነበተው። ርዕሱን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። መሃል ላይ ስደርስ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደሜን አፈላችው። «ለቶኪዮ ፓራሊምፒክ የሚያበቃ ውጤት ማምጣት አቅቷት ቀረች» ትላለች።

እንዴ! ማን ነው ያቃተው?

ነገሩን ከስሩ እንየው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ባድሚንተን ለመጀመሪያ ጊዜ ፓራሊምፒክ የገባው ቶኪዮ ላይ ነው፤ በኮቪድ ምክንያት ወደ 2021 በተገፋው ማለት ነው። ተጫዋቾቹ እንደ ጉዳታቸው መጠን በምድብ ይከፈላሉ። የማናሲ ምድብ ኤስኤል 3 ይባላል። ቆመው የሚጫወቱ፣ የእግር ጉዳታቸው ግን ከበድ ያለ ሰዎች ናቸው። በነጠላ ጨዋታ ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ በግማሹ ነው የሚጫወቱት። ቶኪዮ ላይ የዚህ ምድብ የነጠላ ውድድር ለወንዶች ነበረ። ለሴቶች አልነበረም። የአገሯ ልጅ ፕራሞድ ባጋት በዚያው ምድብ ገብቶ ወርቅ ይዞ ተመለሰ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ማናሲ ግን በራሷ ምድብ የምትመዘገብበት የነጠላ ውድድር አልነበራትም። የቀራት ወይ ጉዳታቸው ከሷ ከቀለለ ሴቶች ጋር በሙሉ ሜዳ መግጠም ነው፣ ወይ በጥንድ ጨዋታ ለጥቂት ቦታ መሻማት። ያልተጠራን ሰው «ሰርጉ ላይ ሳይመጣ ቀረ» ብሎ ማማት ማለት ይሄ ነው።

ሻምፒዮን ስል ደግሞ ለማሞገስ ያህል አይደለም። ነሐሴ 2019 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ላይ የአገሯን ልጅ ፓሩል ፓርማርን 21 ለ 12 እና 21 ለ 7 አሸንፋ ነው ወርቁን የወሰደችው። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላዋ ህንዳዊት ፒ ቪ ሲንዱም አካል ጉዳት በሌለባቸው ተጫዋቾች ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ጭብጨባው ሁሉ ወደ ሲንዱ ዞረ፤ የማናሲን ወርቅ ብዙ ሰው የሰማው ዘግይቶ ነው። ሲንዱ ያገኘችው የሚገባትን ነው፣ በሷ ቅር አይለኝም። እናንተ ግን ዓመታት ካለፉ በኋላም ባዝልን በአንድ መስመር ነው ያለፋችሁት። በ2011 ሙምባይ ላይ ጭነት መኪና ገጭቷት ግራ እግሯ መቆረጡን ግን አንቀጽ በአንቀጽ ዘርዝራችሁታል። የገጫትን መኪና ከጨዋታዋ በላይ አወቅነው!

እኔም እግሬን ያጣሁት በመኪና አደጋ ነው፣ አዘዞ መንገድ ላይ። እንደሷ ከጉልበት በላይ ነው የተቆረጠው። ባድሚንተንም እጫወታለሁ። ስለዚህ የምትሠራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ላባዋ (በራኬት የምንመታት፣ እንደ ኳስ የምታገለግለው) መረቡ ስር ጠብ ልትል ስትል ዘለህ ወደፊት መድረስ አለብህ። ደህናው እግር ይደርሳል። ሰው ሰራሹ ኋላ ይቀራል፤ ገፍቶ የሚመልስህ ጡንቻ የለውማ። በዳሌህ ጎትተህ ነው የምትመለሰው፣ ተጋጣሚህ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ቀጣዩን ከኋላህ ይጥልብሃል። ትንሽ እንደቆየህ ላብ ይሞላና እግሩ መንሸራተት ይጀምራል። ጥግ ይዘህ ታወልቀዋለህ፣ በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ መልሰህ ታጠልቀዋለህ። ቆዳው ከተላጠ ደግሞ እስኪድን በክራንች ነህ። ማናሲ እንዲህ እየሆነች ነው ህንድ፣ ሃይደራባድ በሚገኘው የጎፒቻንድ ባድሚንተን አካዳሚ ሠልጥና ዓለምን ያሸነፈችው። ይሄ አይጻፍም?

ያቺ ዓረፍተ ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበችኝ ልንገራችሁ። እዚሁ ከተማችን አንድ ተቋም አዳራሽ አለው፣ ፎቅ ላይ። ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) የለውም፣ ሊፍትም የለውም። የባድሚንተን ላባ ክብደቷ አምስት ግራም ገደማ ነው፤ ደጅ ላይ የጎንደር ንፋስ ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ አዳራሹን ጠየቅን። ዊልቸር የሚጠቀሙት ጓደኞቻችን በሰው ሸክም ሲወጡ ሰነበቱ፤ በኋላ ግን «ስትወጡ አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?» ተብሎ ጭራሽ ተከለከልን። እሺ፣ ምድር ቤት ያለውን መጋዘን ስጡን አልን። መልስ የለም። ዓመቱ ሲያልቅ በስብሰባ ላይ የተነበበውን ሪፖርት ሰማሁት፦ «አካል ጉዳተኞች ለስፖርት ፍላጎት ባለማሳየታቸው ዕቅዱ አልተሳካም»። በእኛው 2001 ዓ.ም. የወጣው የህንፃ አዋጅ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያና መውጫ ይኑር ብሏል። ደረጃውን የሠሩት ሌሎች፣ ፍላጎት የሌለን እኛ! እናንተ ስለ ማናሲ የጻፋችሁትም ከዚህ ሪፖርት በምን ይለያል?

ማናሲ እኮ ራኬት ይዛ ብቻ አይደለም የምትታወቀው። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት፣ ስለ ሴት ስፖርተኞች፣ ሰው ተንቀሳቅሶ ስለሚገባበት መንገድና ህንፃ በየመድረኩ ትናገራለች። በ2020 ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አወጣት፤ በዚያው ዓመት በእሷ አምሳል ባርቢ አሻንጉሊት ተሠራ። አሻንጉሊቷን እናንተም ጠቅሳችኋል፣ ፎቶም አላት። የምትከራከርለት ጉዳይ ግን አንድም ቦታ የለም።

ፓሪስ 2024 ላይ የሴቶች ኤስኤል 3 ነጠላ ውድድር ተካተተ። ማናሲም ሄደች፣ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈችም። ይህንን ብትጽፉ አልቀየምም፤ ገብታ ነው፣ ተጫውታ ነው የተሸነፈችው። ደግሞ በዚያው ውድድር ነሐስ የወሰደችው ማን መሰለቻችሁ? ናይጄሪያዊቷ ማሪያም ኤኒዮላ ቦላጂ። ኦሊምፒክም ሆነ ፓራሊምፒክ፣ በባድሚንተን ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊ! ውድድሩ እንደ ቶኪዮ ባይኖር ኖሮ እሷንም «አቅቷት ቀረች» ልትሏት ነበር። የአፍሪካ ጋዜጣ ሆናችሁ ስለዚሁ ምድብ ስትጽፉ ስሟን አለማንሳታችሁ ያሳዝናል። የራሳችን ትዕግስት ገዛኸኝ እዚያው ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣም ወሬው በቶሎ ነው የበረደው፤ እዚህ ሰፈር ስሟን የማያውቅ ሞልቷል።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው አምድ ይውጣ፣ ታች ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል እንዳይሆን። ቶኪዮ ላይ የእሷ ምድብ የሴቶች ነጠላ ውድድር እንዳልነበረ በግልጽ ይጻፍ። የቦላጂም ስም ይግባ። ጎንደር ያለው ዘጋቢያችሁ ደግሞ ያንን ደረጃና ባዶውን መጋዘን ማየት ከፈለገ አብሬው እሄዳለሁ፤ ስልኬን ከደብዳቤው ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ልኬያለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር