የሚቺናጋ ሴቶች ልጆች በአንድ ዐረፍተ ነገር ታለፉ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጃፓናዊው የቤተ መንግሥት ሰው ስለ ፉጂዋራ ኖ ሚቺናጋ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ብልህነቱን፣ ግብዣውን፣ ያሠራውን ቤተ መቅደስ በሰፊው ይተርካል። የሥልጣኑ ምንጭ ላይ ሲደርስ ግን «ሴቶች ልጆቹን ለነገሥታት ዳረ» ብሎ ያልፋል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

ጽሑፉ «ካምፓኩ» (ለአካለ መጠን የደረሰ ንጉሥ ዋና አማካሪ) ይለዋል፤ በዚያ ማዕረግ ተሹሞ አያውቅም። የሕፃን ንጉሥ እንደራሴ የሆነውም ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ኃይሉ ያለው አያትነቱ ላይ ነበር። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወገን ቤት ስለነበረ፣ ሕፃን ንጉሥን የሚያሳድገው አያት አገሩን ይዞ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ995 ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ተከታትለው ሲሞቱም፣ በወንድሙ ልጅ በኮሬቺካ ፈንታ እርሱን ወደፊት ያመጣችው እህቱ ሴንሺ ነበረች፤ የንጉሠ ነገሥት ኢቺጆ እናት።

ትልቋ ልጁ ሾሺ በ999 ለኢቺጆ ተድራ ቤተ መንግሥት ስትገባ በአገሩ አቆጣጠር ገና 12 ዓመቷ ነበር። ንጉሡ የሚወዳት እቴጌ ቴይሺ ነበረችው። ሚቺናጋ በማግስቱ ዓመት ሾሺንም እቴጌ አሰኛት፤ አንድ ንጉሥ ሁለት እቴጌዎች ሲኖሩት ያ የመጀመሪያው ነው። ብዙም ሳይቆይ ቴይሺ በወሊድ ሞተች። እናት አልባ የቀረውን ልዑል አትሱያሱን ያሳደገችው ሾሺ ናት።

በ1008 ሾሺ ራሷ ወንድ ልጅ ወለደች። ደንገጡሯ ሙራሳኪ ሺኪቡ በዕለት ማስታወሻዋ እንደጻፈችው፣ አያትየው ሕፃኑ የሸናበትን ልብስ እሳት ላይ እያደረቀ በደስታ ይፈነድቅ ነበር። ሰውየው የልጅ ልጁን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ነገር ግን በ1011 ኢቺጆ ዙፋኑን ሊለቅ ሲል፣ ሾሺ አልጋ ወራሽነቱ ለአሳደገችው ለአትሱያሱ እንዲሆን ፈለገች። አባቷ ሳያማክራት የአብራኳን ክፋይ አስመረጠ። ሾሺ አባቷን መቀየሟን ዩኪናሪ የተባለው ባለሟል በማስታወሻው አስፍሯል። የገዛ ልጇ ለዘውድ ሲታጭ የምታዝን እናት! ይህ እንዴት ከጽሑፉ ይቀራል?

በ1018 ደግሞ ሌላዋ ልጁ ኢሺ እቴጌ ተባለች። ባሏ ንጉሠ ነገሥት ጎ-ኢቺጆ ያ የሾሺ ልጅ ነው፤ ኢሺ አክስቱ ናት፣ በዘጠኝ ዓመት ገደማም ትበልጠዋለች። የጠቀሳችሁት፣ «ይህ ዓለም የእኔ ነው፤ እንደ ሙሉ ጨረቃ የሚጎድለኝ የለም» የሚለው ግጥም የተገጠመው በዚያች ሌሊት ነው። ሚቺናጋ በራሱ የዕለት ማስታወሻ ላይ ግጥሙን አልጻፈውም። ለእኛ ያቆየልን የሚተቸው ባለሟል ሳኔሱኬ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ ኪሺ የተባለችው ልጁ ወንድ ልጅ ወልዳ በቀናት ውስጥ ሞተች። በ1027 ሌላዋ ልጁ ኬንሺ በሞት ተከተለቻት። ሚቺናጋም ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መነኩሴ ሆኖ፣ አረፈ። ሾሺ ግን አባቷ ካለፈ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖራ በ1074 ነው የሞተችው። በሚቀጥለው እትማችሁ ለእርሷ አንድ ገጽ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከባሕር ዳር